ቅባት ሳትበላ ኮሌስትሮሏ ለምን ጨመረ? ሉፐስ ኩላሊቷን ስለነካባት እህት

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል።

«ታናሽ እህቴ 31 ዓመቷ ነው። ሉፐስ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ፣ እንዳለባት ከታወቀ 2 ዓመት አልፎታል። ከ5 ወር በፊት ፊቷና እግሯ አብጦ ስትመረመር በሽታው ኩላሊቷን እንደነካው ተነገረን። ከኩላሊቷ ናሙና ተወስዶ ክፍል 4፣ ከከባዶቹ ዓይነቶች አንዱ፣ ነው ተባለ። ያኔ በ24 ሰዓት ሽንቷ የሚወጣው ፕሮቲን 7.1 ግራም ነበር፤ አሁን 4.2 ደርሷል። አልቡሚኗ 2.3፣ የኩላሊትን የማጣራት ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒኗ 0.9 ነው። ደም ግፊቷ 140 በ90 አካባቢ ይውላል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ በ60 ሚሊግራም ጀምራ አሁን 20 ላይ ናት። የሰውነት መከላከያን የሚያበርደውን ማይኮፌኖሌትና የግፊት መድኃኒቱን ሎሳርታንም ትወስዳለች። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የተባለውን የሉፐስ መድኃኒት ግን ‹ዓይን ያጠፋል› ሲሏት ትታዋለች። ባለፈው ሳምንት የደም ቅባት ተሠራላት። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 342፣ ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) 228፣ ኤችዲኤል (ጥሩው) 38፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው ሌላው የደም ቅባት 380። ደነገጥን። እሷ ሥጋ አትወድም፣ ጾም አታፈርስም፣ ቅቤ ከቤታችን ከጠፋ ቆየ። አንዱ ሐኪም አቶርቫስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል ኪኒን ጻፈላት። ሌላው ‹ኩላሊቱ ይዳን፣ ራሱ ይወርዳል› አለን። ጎረቤት ደግሞ የኮሌስትሮል ኪኒን ኩላሊት ይጨርሳል ብሎ አስፈራራት። አሁን ምግብ ሁሉ እየፈራች ነው። ክንዷ ከስቷል። የትኛውን እንስማ?»

እህትዎ አጠገብዎ ካለች የሚቀጥለውን አንቀጽ ጮክ ብለው ያንብቡላት።

እህቴ፣ ይህ ቅባት ከገበታሽ አልመጣም። ያጠፋሽው ነገር የለም። ብትራቢ ቁጥሩ ብዙም አይወርድም፤ ጡንቻሽ ግን ያልቃል። ቅባቱ የመጣው ከሚያፈሰው ኩላሊትሽ፣ ከራሱ ከሉፐሱና ከምትወስጂው ስቴሮይድ ነው። ዛሬ ማታ እራትሽን ብዪ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣሩ በጣም ጥቃቅን ወንፊቶች አሉ። በአንድ ኩላሊት እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ጤነኛ ወንፊት አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን አያሳልፍም። ሉፐስ ወንፊቱን ሲያቆስለው ግን አልቡሚኑ ወደ ሽንት ያመልጣል። ሽንቷ አረፋ የሚያበዛው ለዚህ ነው። በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን ከ3.5 በላይ መሆን ነበረበት። የእህትዎ 2.3 ነው።

ጉበት ይህን ጉድለት ዝም ብሎ አያይም። የጎደለውን ለመሙላት ማምረት ይጀምራል። ግን አልቡሚኑን ብቻ ለይቶ አያበዛም። ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ ተሸክመው በደም የሚዞሩትን ቅንጣቶችም አብሮ ያበዛል። ስለዚህ ሽሮ በልታ ያደረች ሴት ደም ውስጥ ጠዋት ኮሌስትሮል ሞልቶ ይገኛል። ከደማችን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን ነው። ከምግብ የሚገባው ትንሹ ድርሻ ነው።

ምርቱ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ማስወገዱ ነው። ትራይግሊሰራይድን በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ቆርጦ የሚበትን ኢንዛይም አለ። ፕሮቲን በብዛት በሽንት ሲወጣ ይህ ኢንዛይም ይዳከማል። ኤልዲኤልን ከደም ለቅሞ ወደ ጉበት የሚያስገቡ ተቀባዮችም አሉ። በዚህ በሽታ እነሱን የሚያፈርሰው ፒሲኤስኬ9 የተባለ ፕሮቲን ይጨምራል። ተቀባዩ ያንሳል፣ ኤልዲኤል ደም ውስጥ ይከማቻል። ኤችዲኤልን ለማብሰል የሚያስፈልገው ኢንዛይም ደግሞ ራሱ በሽንት ይወጣል። ሦስቱን አንድ ላይ ሲያዩት የእህትዎ ውጤት በትክክል ይወጣል፤ ኤልዲኤል በጣም ከፍ፣ ትራይግሊሰራይድ ከፍ፣ ኤችዲኤል ዝቅ።

አንድ ነገር እዚህ ልጨምር። ለሕክምናው ብዙ አይጠቅምም፣ ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ ይገርመኛል። የእንዲህ ዓይነት ታማሚ ሽንት በተለየ ብርሃን በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ቅባቱ በያዘው ጠብታ ውስጥ ጥርት ያለ የመስቀል ቅርጽ ይታያል። ያ ኮሌስትሮል ነው። ቅባቱ ደም ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሽንት ውስጥም ይገባል ማለት ነው። ኩላሊት በራሱ ቁስል ውስጥ ኮሌስትሮል ሲያልፍበት በዓይን ማየት ለአንድ ወጣት ሐኪም የሚረሳ ነገር አይደለም።

ኩላሊቱ ባይነካ ኖሮስ? ያኔም ቢሆን ሉፐስ ሲቀሰቀስ ትራይግሊሰራይድ ይጨምራል፣ ኤችዲኤል ይቀንሳል። ይህን መልክ በፈረንጆቹ 1997 የብራዚል ተመራማሪዎች በግልጽ ጽፈውታል። አንዳንድ የሉፐስ ታማሚዎች ያንን ቆራጭ ኢንዛይም የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው ይገኛል። ከዚህ የሚከፋ ነገርም አለ። ኤችዲኤልን «ጥሩው ኮሌስትሮል» እንለዋለን፤ ሥራው የደም ቧንቧን መጠበቅ ነው። በብዙ የሉፐስ ታማሚዎች ግን ኤችዲኤሉ ራሱ ይበላሻል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ እንኳ መጠበቁን ያቆማል፤ እንዲያውም የደም ቧንቧውን መቆጣት ያግዛል። ለዚህ ነው የሉፐስ ታማሚን ውጤት እንደማንኛውም ሰው ውጤት በቁጥር ብቻ የማላነበው።

ሦስተኛው ምክንያት ፕሬድኒሶሎን ነው። በ60 ሚሊግራም የተጀመረ ስቴሮይድ ትራይግሊሰራይድን፣ ኤልዲኤልን፣ ስኳርንና የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ስቴሮይዱን በራሳቸው ማቆም ነው። እባክዎ እንዳታደርገው። ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ካቆመ የራሱ ሰውነት ስቴሮይድ ለማምረት አይደርስለትም። ግፊት ወድቆ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ይመጣል። ኩላሊቱም ዳግም ይቀሰቀሳል። መቀነሱ ግን ትክክል ነው፤ በሐኪም እጅ፣ ቀስ በቀስ። ዛሬ የሉፐስ ሐኪሞች ዓላማ በረጅም ጊዜ በቀን 5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ማድረስ ነው። 20 ላይ ያለች ሰው መንገድ ላይ ናት። በሚቀጥለው ቀጠሮ «መቼ ወደ 10 እንወርዳለን?» ብለው ይጠይቁ።

ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ የኮሌስትሮሉ ቁጥር አይደለም። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊኑን መተዋ ነው።

ይህ መድኃኒት ሉፐስ ላለበት ሰው ሁሉ፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ የሚሰጥ መሠረት ነው። የበሽታውን መቀስቀስ ይቀንሳል። የደም መርጋትን ይቀንሳል። ስኳርን ለመቆጣጠር ይረዳል። እዚህ ላይ ደግሞ የሚመለከተን ነገር አለ፤ ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎችን ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ በመጠኑ ያወርዳል። እህትዎ ስለ ኮሌስትሮል እየተጨነቀች ኮሌስትሮል የሚያወርድላትን መድኃኒት ጥላለች።

የዓይኑ ጉዳይ እውነት ነው፤ ግን ልኩ መነገር አለበት። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊግራም ካልበለጠ፣ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ሬቲናን (የዓይንን ውስጠኛ ሽፋን) የመጉዳት ዕድሉ ከ100 ሰው ከ1 በታች ነው። እስከ 10 ዓመት ከ2 በታች ነው። 55 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን እስከ 275 ሚሊግራም ማለት ነው። ሐኪሙ ይህን 200 ሚሊግራም ኪኒን አንድ ቀን አንድ፣ ሌላ ቀን አንድ ተኩል እያደረገ ያዳርሰዋል። አንዴ በጀመረችበት ዓመት ዓይኗ ይታይ። ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይታይ። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከቀነሰ ደግሞ መድኃኒቱ ስለሚጠራቀም ክትትሉ ቀደም ይላል። ክሬቲኒኗ 0.9 ስለሆነ አሁን ያን ያህል አያስፈራም። ሐኪሟን አነጋግራ ቶሎ ትመለስበት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ቅባት ምን ያደርጋል? እብጠቱ ይታያል፣ አረፋው ይታያል። ቅባቱ ግን አይታይም፣ አያምም። ለዚህ ነው ለዓመታት የተዘነጋው።

በፈረንጆቹ 1976 ቶሮንቶ ውስጥ የሚሠሩት ሐኪም ሙሬይ ዩሮዊትዝና ባልደረቦቻቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። የሉፐስ ታማሚዎቻቸው የሚሞቱት በሁለት ጊዜ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሞቱት በራሱ በሉፐስና በኢንፌክሽን ነው። ሉፐሱ ጋብ ካለ ከዓመታት በኋላ የሚሞቱት ግን በልብ ደም ቧንቧ መዘጋት ነው። በፈረንጆቹ 1997 ደግሞ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ከ35 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሉፐስ ያለባቸው ሴቶች ከእኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የልብ ደም ቧንቧ መዘጋት ከ50 እጥፍ በላይ እንደሚያገኛቸው ታየ። ይህ ቁጥር እንዳያስደነግጥዎ። በዚያ ዕድሜ ያለች ጤነኛ ሴት በዚህ በሽታ የምትያዘው እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ነው። እጅግ ትንሽ ቁጥር 50 ጊዜ ቢባዛም አብዛኞቹ የሉፐስ ታማሚዎች በ30ዎቹ ዕድሜ ልባቸው አይታመምም። ግን ችላ የሚባል አይደለም። በፈረንጆቹ 2003 የወጣ ሌላ ጥናት የአንገት ደም ቧንቧን በአልትራሳውንድ አይቶ፣ የቅባት ቅርፊት በ37 በመቶ የሉፐስ ታማሚዎች አግኝቷል። በዕድሜ ከሚመስሏቸው ሌሎች ሰዎች የተገኘው በ15 በመቶ ነበር። ኩላሊት ሲጨመርበት አደጋው ከፍ ይላል፤ ፕሮቲን ማፍሰሱ፣ ደም ግፊቱና ስቴሮይዱ ይደራረባሉ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። ከሁለቱ ሐኪሞች የትኛው ልክ ነው?

ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሁለተኛው ሐኪም «ኩላሊቱ ይዳን» ያለው ትክክል ነው። ለዚህ ቅባት ዋናው መድኃኒት ማይኮፌኖሌቱ፣ ስቴሮይዱና ሎሳርታኑ ናቸው። ወንፊቱ ሲድን አልቡሚኑ ይመለሳል፣ ጉበቱ ይረጋጋል፣ ቅባቱም ተከትሎ ይወርዳል። ፕሮቲኗ ከ7.1 ወደ 4.2 ወርዷል፤ ይህ 40 በመቶ ያህል ነው። እኛ የምንጠብቀው በ3 ወር ቢያንስ ሩቡን፣ በ6 ወር ግማሹን መቀነስ ነው። በ12 ወር አካባቢ ከ0.5 እስከ 0.7 ግራም በታች ቢሆን እንወዳለን። ብዙ ያፈሰሰ ሰው ጥቂት ወራት ሊጨመርለት ይችላል። እህትዎ ከመስመሩ አልወጣችም። ግን ገና ናት።

እኔ ብሆን ግን አቶርቫስታቲኑን እጀምርላት ነበር። ሕክምና የጀመረችው ከ4 ሳምንት በፊት ቢሆን እጠብቅ ነበር። ፕሮቲኑ 1 ግራም ደርሶ ቢሆንም እጠብቅ ነበር። እሷ ግን 5 ወር ሙሉ በከፍተኛ ቅባት ኖራለች። ወደ ልኩ እስኪመለስ ቢያንስ ሌሎች ወራት ይቀራሉ። ኤልዲኤሏ 228 ነው፤ ከ190 በላይ የሆነ ኤልዲኤል በማንም ሰው ላይ ዝም የሚባል አይደለም። ደም ግፊቷም ከፍ ብሏል። እነዚህ ተደምረው ወደ መጀመር ይገፉኛል። 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይበቃል። ከ8 ሳምንት ገደማ በኋላ ቅባቱ ዳግም ይለካል። ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ሲረጋጋና ቅባቱ ሲወርድ «አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ መገምገም ይቻላል። ለዕድሜ ልክ የተፈረመ ውል አይደለም።

የማልደብቅዎት ነገር አለ። ሉፐስ ላለበት ሰው ሁሉ ስታቲን (አቶርቫስታቲን የሚመደብበትን የኪኒን ቤተሰብ) መስጠት ይጠቅማል ወይ ተብሎ ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ 200 አዋቂ ታማሚዎች ለ2 ዓመት አቶርቫስታቲን ወይም ባዶ ኪኒን ወስደው፣ በልብ ደም ቧንቧ ላይ የሚከማቸው ካልሲየም ልዩነት አላሳየም። ሉፐስ ያለባቸው 221 ልጆችና ወጣቶች ለ3 ዓመት ተሞክሮባቸውም የአንገት ደም ቧንቧ ውፍረት ላይ ግልጽ ጥቅም አልታየም። ስለዚህ «ሉፐስ ካለ ስታቲን» የሚል ደንብ የለም። የኩላሊት ሐኪሞች ዓለም አቀፍ መመሪያም ከ50 ዓመት በታች ላሉ የኩላሊት ታማሚዎች ስታቲን የሚለው የልብ በሽታ፣ ስኳር፣ ስትሮክ ወይም ከፍ ያለ አደጋ ሲኖር ነው። ሁለተኛው ሐኪም ይህን አስቦ ይሆናል። እነዚያ ጥናቶች ግን በአብዛኛው ኮሌስትሮላቸው እንደ እህትዎ ባልሆነ ሰዎች ላይ ነው የተሠሩ ናቸው። ኤልዲኤል 228 ይዞ በቀን 4 ግራም ፕሮቲን የሚያፈስ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ሌላ ሐኪም ከእኔ በተለየ ቢወስን አይከፋኝም። ምክንያቱን ግን ይንገራችሁ።

ጎረቤታችሁ ያለውን ደግሞ በቀጥታ ልመልስ። አቶርቫስታቲን ኩላሊት አይጨርስም። ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በጉበትና በሐሞት በኩል ነው፤ በሽንት የሚወጣው ከ2 በመቶ ያነሰ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው እንኳ መጠኑ አይቀነስም። በፈረንጆቹ 2011 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ9,000 በላይ የኩላሊት ታማሚዎችን ይዞ ነበር። ሲምቫስታቲን የተባለውን ሌላ ስታቲን ኤዜቲሚብ ከተባለ የኮሌስትሮል ኪኒን ጋር የወሰዱት ከልብና ከደም ቧንቧ ጋር የተያያዙ አደጋዎች በ17 በመቶ ቀንሰውላቸዋል። ኩላሊታቸው በዚያ ምክንያት አልባሰም። ጎረቤቱ የሰማው ምናልባት ስለ ጡንቻ መሟሟት ይሆናል። በጣም አልፎ አልፎ ስታቲን ጡንቻን ይጎዳል፣ የሟሟው ጡንቻ ደግሞ ኩላሊትን ይዘጋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጭንና ትከሻ ላይ ከባድ ሕመም፣ ድካም፣ ኮካ ኮላ የመሰለ ሽንት። ያ ከመጣ ኪኒኑን አቁማ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። ስቴሮይድ ራሱ ጡንቻ ያደክማል። ከወንበር መነሳት ያቅታል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳል፣ ግን ብዙ ጊዜ አያምም። ሉፐስም ጡንቻን ሊያስቆጣ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሯ በፊት ሲኬ የተባለው የጡንቻ ምርመራ አንዴ ቢሠራላት ደስ ይለኛል። በኋላ ቢያማት የምናነጻጽርበት ቁጥር ይኖረናል። የጉበት ምርመራም አብሮ ይሠራ። ታይሮይድም ይታይ። የታይሮይድ ማነስ ለብቻው ኮሌስትሮል ያንራል፣ ሉፐስ ባለባቸው ሰዎች ላይም አብሮ ይገኛል፤ ስታቲን የሚያመጣውን የጡንቻ ሕመምም ያባብሳል። ስኳሯ በስቴሮይዱ ምክንያት ከፍ ብሎ እንደሆነም መታየት አለበት።

የእርግዝና ነገር ሳይነሳ መቅረት የለበትም። 31 ዓመቷ ነው። ስታቲን ለማርገዝ ላሰበች ሴት በአብዛኛው ይቆማል። የሚበልጠው ግን ማይኮፌኖሌቱ ነው፤ ጽንስን በግልጽ ይጎዳል። ሎሳርታንም እንዲሁ። ስለዚህ አሁን አስተማማኝ መከላከያ ያስፈልጋታል። ኢስትሮጅን ያለበት የተለመደው ኪኒን ግን ለእሷ አይሆንም። ሉፐሱ ያልተረጋጋ፣ አልቡሚኗ ዝቅ ያለ ሴት ላይ ደም ያረጋል። ትራይግሊሰራይድንም ይጨምራል። በክንድ የሚቀበረው ወይም በማህፀን የሚቀመጠው የተሻለ ነው። ልጅ መፈለጓ ጥሩ ነገር ነው። ሉፐሱ ቢያንስ 6 ወር ከተረጋጋና መድኃኒቶቹ ከተቀየሩ በኋላ ብዙ እናቶች በሰላም ይወልዳሉ። ግን ታቅዶ ነው።

ሐኪሙ ወደፊት ሳይክሎስፖሪን የተባለ የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ቢጨምርላት አቶርቫስታቲን እንደምትወስድ ትንገረው። ሳይክሎስፖሪን ስታቲንን በደም ውስጥ ያከማቻል፤ ከሲምቫስታቲን ጋር ጨርሶ አይሰጥም። ራሱም ኤልዲኤልን ይጨምራል። ተመሳሳይ ሥራ ያለው ታክሮሊመስ በዚህ በኩል ቀለል ይላል። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ ያከማቻል። ለጉንፋን ብላ ከፋርማሲ የምትገዛውን ሁሉ አስቀድማ ትጠይቅ።

ትራይግሊሰራይዱ 380 ነው። ለእሱ ብቻ ተብሎ ሌላ ኪኒን አያስፈልግም። ትራይግሊሰራይድ የሚያወርደውን ፌኖፋይብሬት ጽፈውላት ከሆነ ቆም ብለው ይጠይቁ። ክሬቲኒንን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊቱ እየተባባሰ ይሁን አይሁን እንዳይለይ ያደርጋል። ከስታቲን ጋር ሲሆን ለጡንቻም ጥሩ አይደለም። ቁጥሩ ከ500 ካለፈ፣ በተለይ ወደ 1,000 ከቀረበ ግን ነገሩ ይለያል፤ ጣፊያ አካባቢ ያለው ቆሽት ሊቆጣ ይችላል። ያኔ የሚመጣው ወደ ጀርባ የሚያልፍ ከባድ የሆድ ሕመምና ማስታወክ ነው። ሌላም ነገር አለ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን አይለኩትም፤ ያሰሉታል። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤሉን ይቀንሳሉ፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይዱን አንድ አምስተኛ ይቀንሳሉ። የእህትዎም እንዲሁ የተሰላ ነው፤ 342 ሲቀነስ 38 ሲቀነስ 76፣ 228። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በላይ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም። እሷ ጫፉ ላይ ናት። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ 12 ሰዓት ያህል ምንም ሳትበላ ትመርመር፣ ውኃ ይፈቀዳል። ከተቻለ በዚያው ላቦራቶሪ ይሁን። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ውጤታችሁ 5.9 ወይም 4.3 ብሎ ቢመጣ አትደናገጡ። ለኮሌስትሮል በ38.7፣ ለትራይግሊሰራይድ በ88.6 ስታባዙት ወደዚህ ቁጥር ይመለሳል።

አሁን ምግብ። ምግብ ቅባቱን አላመጣውም፣ ብቻውንም አያጠፋውም። ያም ሆኖ የምትበላውን መምረጧ ይረዳል። መጀመሪያ ጨው። ጨው ቅባት አይጨምርም፤ ግን እብጠቱንና ደም ግፊቱን ያባብሳል፣ ሎሳርታኑም ፕሮቲን የመቀነስ ኃይሉን ያጣል። በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ። በበርበሬና በሽሮ ዱቄት ውስጥ ገብቶ የተፈጨውን ጨው ሰው አይቆጥረውም። ለቤቱ የሚዘጋጀው ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው ይፈጭ።

ከዚያ ዘይት። ጾም ማለት ቅባት የሌለበት ምግብ ማለት እንዳልሆነ ከታማሚዎቼ ጋር ሁሌ እናወራለን። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን የሚጨምረው የቅባት ዓይነት ነው። በጾም ወጥ ላይ እሱ ተንሳፍፎ ሲታይ፣ ቅቤውን በር ዘግተን በመስኮት እንዳስገባነው ነው። የኑግ፣ የሱፍ ወይም ሌላ የማይረጋ ዘይት፣ እሱም በልክ ይሁን። ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ይቅር። ለትራይግሊሰራይዱ ደግሞ ስኳር ነው ዋናው ጠላት፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ፣ ለስላሳ፣ የተጨመቀ ጁስ። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ እንጀራ ያለ ፍርሃት ትብላ። እንቁላልና ዓሣም በምትበላባቸው ቀናት አይቅሩ። የጠፋውን ፕሮቲን እተካለሁ ብላ በሥጋ ወይም በዱቄት ፕሮቲን መጨናነቅ ግን አያስፈልጋትም። የበዛው ፕሮቲን ኩላሊቱን ያደክማል። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.8 እስከ 1 ግራም ይበቃታል።

ጾም አታፈርስም ብለውኛል። እምነቷን አከብራለሁ። ግን ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ ማይኮፌኖሌት ደግሞ በ12 ሰዓት ልዩነት። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀመስ መዋል ከዚህ ጋር አይሄድም። አንዳንዶች መድኃኒቱን ወደ ማታ ሲገፉ፣ ሲዘሉ አይቻለሁ። ወዲያው ፕሮቲኑ ይጨምራል። ሐኪሟ ይህን አስረድቶ ይጻፍላት፣ የንስሐ አባቷን ታማክር። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ እንደምታዝን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የምግቡን ዓይነት ጠብቃ ሰዓቱን ብቻ ብታቀል ለኩላሊቷ በቂ ነው።

«ኮሌስትሮል ያጠፋል» እየተባሉ በየቴሌግራሙ የሚሸጡትን ዱቄትና እንክብል አትጀምር። በተለይ አልፋልፋ። እኛ አገር ለከብት መኖ ይዘራል፤ አሁን በኪኒንና በዱቄት ለሰው ይሸጣል። ውስጡ ያለው ካናቫኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሉፐስን ይቀሰቅሳል። ለሌላው ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእሷ ግን በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ደም ግፊቷ ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ሎሳርታኑ ሊጨመር ይችላል። ይህ በአንድ ጥይት ሁለት ነው፤ ግፊቱም ይወርዳል፣ የሚያፈሰው ፕሮቲንም ይቀንሳል። ሲጨመር ፖታሲየምና ክሬቲኒን ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላ ይታይ።

እስከዚያው ድረስ ሁለት ነገር ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ። አልቡሚን ዝቅ ሲል ደም ይረጋል። አንድ እግር ብቻ ከሌላው በላይ አብጦ ቢያማት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥራት ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ደረቷን ቢጨንቃት ደግሞ «31 ዓመቷ ነው፣ ጨጓራ ነው» ብሎ የሚመልሳችሁ ሰው ሊያጋጥም ይችላል። ሉፐስና የኩላሊት ሕመም እንዳለባት ተናግረው የልብ ኤሲጂ እንዲነሳላት ይጠይቁ። ይህን ሲጠይቁ አይፈሩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የቅባቱን ውጤት ብቻ ይዛ አትሂድ። ከፕሮቲኑና ከአልቡሚኑ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ፣ ቀኑን ጽፋችሁ፣ የስቴሮይዱን መጠን ከጎኑ አስቀምጡ። ፕሮቲኑ እየወረደ ቅባቱም አብሮት ከወረደ መንገዱ ልክ ነው። ፕሮቲኑ ወርዶ ቅባቱ ብቻ ከቀረ፣ ታይሮይዱን፣ ስኳሩንና ከቤተሰብ የሚወረሰውን ኮሌስትሮል እንመረምራለን። ለዚህ የእርስዎም ደም አንዴ ቢመረመር ይጠቅመናል።